በሰኔ ቀትር ጥላችን ለምን ወደ ደቡብ ይወድቃል?

በሰኔ ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ ስትወጣ፣ ቀትር ላይ ደጅ ቆማችሁ ጥላችሁን ብታዩት ወደ ደቡብ ወድቆ ታገኙታላችሁ። በታኅሣሥ ደግሞ በዚያው ሰዓት ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ ርዝመቱም ከእጥፍ በላይ ይሆናል። በበጋ ፀሐይ ዝር የማይልበት የቤቱ ሰሜናዊ ግድግዳ በክረምት መካከል ሲሞቅ ያየ ሰው "ፀሐይ መንገዷን ቀየረች እንዴ?" ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም አዎ ነው።

ምድር የምትሽከረከርበት ዘንግ ቀጥ ብሎ የቆመ አይደለም። በፀሐይ ዙሪያ ለምትጓዝበት ጠለል ቀጥ ብሎ ከሚቆም መስመር 23.4 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነው። ያዘነበለበት አቅጣጫ ዓመቱን ሙሉ ስለማይለወጥ፣ ምድር ፀሐይን ስትዞር አንዴ ሰሜኑ፣ አንዴ ደቡቡ ወደ ፀሐይ ያጋድላል። በዚህም የተነሣ ፀሐይ ልክ በአናት ላይ የምትቆምበት ቦታ በዓመቱ ውስጥ ወደ ሰሜን እስከ 23.4 ዲግሪ ይወጣል፣ ወደ ደቡብም እስከ 23.4 ዲግሪ ይወርዳል። ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ3 ዲግሪ ተኩል ገደማ እስከ 15 ዲግሪ ገደማ ስለምትገኝ መላ አገሪቱ በዚህ ክልል ውስጥ ናት። ከሞያሌ እስከ አድዋ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናቱ ላይ የማታልፍበት አንድም ከተማ የለም።

"የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ናት" የሚለው አባባል ለሮም፣ ለለንደንና ለዋሽንግተን ዓመቱን ሙሉ እውነት ነው። ለአዲስ አበባ ግን በዓመት ውስጥ ወደ 140 ለሚጠጉ ቀናት ስሕተት ነው። አንድ ልጅ ይህን እንደ ሕግ ሸምድዶ ሲያድግ ያሳዝነኛል፤ ማስተባበያው ደጁ ላይ አለና። የሚያስፈልገው አንድ ሜትር ዱላ ብቻ ነው።

ዱላው እንዴት ይተከላል?

የመጥረጊያ እንጨት፣ ቀጭን የብረት ቱቦ፣ ማንኛውም ቀጥ ያለ ነገር ይሆናል። ከመሬት እስከ ጫፉ ልክ 100 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ሒሳቡ ይቀላል፤ ጥላው 26 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የጥላው ርዝመት የዱላው 0.26 ነው ማለት ነው፣ ሌላ ማካፈል አያስፈልግም።

ወለሉ ከዱላው ይልቅ ያሳስታል። የግቢ ሊሾ የዝናብ ውሃ እንዲወርድበት ታስቦ ተዳፍቶ ስለሚሠራ በዓይን ለጥ ያለ ቢመስልም አትመኑት። ሰፊ ጣውላ አስቀምጡና ውሃ ልክ በላዩ ላይ በሁለት አቅጣጫ፣ አንዴ በርዝመቱ አንዴ በወርዱ፣ እያጋደማችሁ ከሥሩ ሽብልቅ እየከተታችሁ አስተካክሉት። ዱላውን ለማቅናት ቱምቢ ያስፈልጋል፤ ከሌለ ክር ላይ ትልቅ ብሎን አስራችሁ ከዱላው ጎን አንጠልጥሉ፤ ከደቡብም ከምሥራቅም ሆናችሁ ስታዩ ክሩና ዱላው እኩል እየወረዱ መሆን አለባቸው። ዱላው 1 ዲግሪ ብቻ ቢያጋድል ጫፉ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሸሻል።

ሌላው ችግር የጥላው ጠርዝ ነው። ፀሐይ ነጥብ አይደለችም፤ በሰማይ ላይ ግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት አላት። ስለዚህ የአንድ ሜትር ዱላ ጥላ ጫፉ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር በሚያህል ስፋት ደብዝዞ ያልቃል፣ የት እንደሚያበቃም ሁለት ሰው አይስማማም። መፍትሔው ቀላል ነው። ከዱላው ጫፍ ላይ ትንሽ ካርቶን አግድም አስራችሁ፣ ከዱላው ወጣ ባለው ክፍሉ ላይ በሚስማር 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ቀዳዳ ብሱ። መሬቱ ላይ በካርቶኑ ጥላ መካከል ክብ የብርሃን ነጥብ ይታያል፤ ይህ የፀሐይ የራሷ ምስል ነው። የምትለኩት ከቀዳዳው ትክክል በታች ካለው ቦታ እስከዚህ ብርሃን መካከል ነው። ከቀዳዳው በታች ያለውን ቦታ ቱምቢውን በቀዳዳው አውርዳችሁ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። እንዲህ ከሆነ ዱላው ትንሽ ቢያጋድልም ልኬቱን አያበላሸውም፤ ዋናው የቀዳዳው ከፍታ 100 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው።

ልጆች አብረው ካሉ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ንገሯቸው፤ በቀዳዳው በኩል ወደ ፀሐይ ማየት ፈጽሞ አይቻልም። የሚታየው ሁልጊዜ መሬት ላይ ያለው ብርሃን ነው።

ቀትር ስንት ሰዓት ላይ ነው?

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቀትርን ስድስት ሰዓት ላይ ይጠብቃል። የኢትዮጵያ ሰዓት የተስተካከለው ከአገሪቱ ምሥራቃዊ ክፍል በሚያልፈው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ነው። አዲስ አበባ ግን 38.75 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ አንድ ዲግሪ ለመሄድ 4 ደቂቃ ይፈጅባታልና 6.25 ዲግሪ ማለት 25 ደቂቃ ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባ ቀትር በአማካይ 6፡25 ላይ ይውላል። ጅግጅጋ ላይ 6፡09 ገደማ፣ ጋምቤላ ላይ 6፡42 ገደማ ነው። አንድ ሰዓት የሚቆጥሩ ሁለት ከተሞች በፀሐይ ግማሽ ሰዓት ያህል ይራራቃሉ።

"በአማካይ" ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ምድር ወደ ፀሐይ ስትቀርብ ትፈጥናለች፣ ስትርቅ ትዘገያለች፤ የዘንጉ ማዘንበልም የራሱን መዛነፍ ይጨምራል። የሁለቱ ድምር ቀትርን በዓመቱ ውስጥ ወዲህና ወዲያ ይገፋዋል። አዲስ አበባ ላይ ጥቅምት 24 አካባቢ ቀትር 6፡09 ላይ ይደርሳል፤ የካቲት 4 አካባቢ ደግሞ እስከ 6፡39 ይዘገያል። በግንቦት መጀመሪያ ሳምንት 6፡21፣ በሐምሌ አጋማሽ 6፡31 ገደማ ነው። በሰዓት ብቻ የሚመራ ሰው በየካቲት ስድስት ሰዓት ላይ ለክቶ "ፀሐይ ገና ምሥራቅ ናት" ቢል አልተሳሳተም፤ ቀትሩ ገና 39 ደቂቃ ይቀረዋል።

ሰዓትም ሠንጠረዥም ሳያስፈልግ ቀትርንና ሰሜንን አንድ ላይ የሚሰጥ ዘዴ አለ። ከቀዳዳው በታች ያለውን ምልክት መካከል አድርጋችሁ፣ በክርና በጠመኔ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ራዲየስ ያለው ክብ ሥሩ። ጠዋት ብርሃኑ ከክቡ ውጭ ነው፤ እየቀረበ መጥቶ ክቡን ሲነካ ነጥብ አኑሩ። ከሰዓት በኋላ እየራቀ ሄዶ ክቡን በሌላ በኩል ሲነካ ሁለተኛ ነጥብ አኑሩ። ሁለቱን ነጥቦች በመስመር አገናኙ፣ መስመሩን እኩል ለሁለት ክፈሉ፣ ከመካከለኛው ነጥብ ወደ ክቡ ማዕከል ሌላ መስመር ሳቡ። ይህ ሁለተኛው መስመር እውነተኛው ሰሜንና ደቡብ ነው፤ በማግሥቱ ብርሃኑ ይህን መስመር ሲያቋርጥ ቀትር ሆነ ማለት ነው። ጠዋት ላይ ነጥብ አኑሮ ከሰዓት በኋላ ደመና ቢመጣ ቀኑ ስለሚባክን፣ ከመጀመሪያው 60፣ 80 እና 100 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ክቦች ሥሩ፤ አንዱ ሳይሳካ አይቀርም።

የስልክ ኮምፓስን ለዚህ ሥራ አልመክርም። ወለሉ ውስጥ ያለው ፌሮ፣ የብረት በሩ፣ የቆመው መኪና ሁሉ ይስበዋል፤ እነዚህ ባይኖሩም ማግኔታዊው ሰሜን ከእውነተኛው ሰሜን በጥቂት ዲግሪ ይለያል። ሌሊት ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ የሰሜን ኮከብ አለች። ከአድማስ በላይ ያላት ከፍታ ከቆማችሁበት ኬክሮስ ጋር እኩል ነው፤ አዲስ አበባ ላይ 9 ዲግሪ፣ መቀሌ ላይ 13 ዲግሪ ተኩል ገደማ ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን እንጦጦ በዚያው አቅጣጫ ስለቆመና የአድማሱ ጭጋግ ስለሚያደበዝዛት ለማግኘት ታደክማለች።

በጥላ መቁጠር ለአገራችን አዲስ አይደለም። በግዕዝ የብራና መጻሕፍት ውስጥ ሰው የራሱን ጥላ በራሱ እግር እየለካ ሰዓቱን የሚያውቅባቸው፣ ለየወሩ የተለያየ ቁጥር የተሰጠባቸው ሠንጠረዦች አሉ። ቁጥሩ በየወሩ የሚለያየው እዚህ በምናወራው ምክንያት ነው።

ዓመቱን ሙሉ ብትለኩ ምን ታያላችሁ?

አዲስ አበባ ላይ ታኅሣሥ 12 ቀትር የአንድ ሜትር ዱላ ጥላ 64 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ያጥራል። መጀመሪያ ላይ ለውጡ አይታይም፤ በታኅሣሥ አጋማሽ ሳምንቱን ሙሉ ብትለኩ ከሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት አታገኙም። መጋቢት ሲገባ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ጥላው በቀን ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ያጥራል። ሚያዝያ 5 አካባቢ 6፡25 ላይ ጥላው የለም። ዱላው በራሱ ሥር ይቆማል፤ ቀዳዳው ያለው ካርቶን ከሆነ ብርሃኑ ልክ በጠመኔው ምልክት ላይ ያርፋል። ከዚያ ጥላው በደቡብ በኩል ይወጣና ሰኔ 14 ላይ 26 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ይመለስና ነሐሴ 24 አካባቢ እንደገና ይጠፋል።

ሐዋሳ ላይ ጥላ የሚጠፋው መጋቢት 29 እና ነሐሴ 29 አካባቢ ነው። ባሕር ዳር ላይ ሚያዝያ 12 እና ነሐሴ 16፣ ጎንደር ላይ ሚያዝያ 15 እና ነሐሴ 13፣ መቀሌ ላይ ሚያዝያ 18 እና ነሐሴ 10 አካባቢ ነው። ወደ ሰሜን በሄዳችሁ ቁጥር ሁለቱ ቀናት ወደ ሰኔ እየቀረቡ ይመጣሉ። በየዓመቱ አንድ ቀን ወዲህ ወይም ወዲያ ሊሉ ይችላሉ፤ ይህ ግን አያስጨንቅም፤ አንድ ቀን ማለፍ ስድስት ሚሊ ሜትር ብቻ ነውና። ደመና ከያዘባችሁ ነገም ይታያል።

የደቂቃ ስሕተት ግን ዋጋ ያስከፍላል። በእነዚህ ቀናት የጥላው ጫፍ በየደቂቃው 4 ሚሊ ሜትር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። አዲስ አበባ ላይ ሚያዝያ 5 ቀን ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ወጥቶ ያየ ሰው፣ ወደ ምዕራብ የወደቀ 11 ሳንቲ ሜትር ጥላ አይቶ "ጥላ ይጠፋል የተባለው ውሸት ነው" ብሎ ይገባል። ሃያ አምስት ደቂቃ ቢታገሥ ያየው ነበር። ከ6፡15 እስከ 6፡35 በየሁለት ደቂቃው ነጥብ ማኖር ከሁሉ ይሻላል፤ ነጥቦቹ በዱላው ሥር የሚያልፍ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ።

ከሁለቱ ቀናት የሚያዝያው ይመረጣል። የነሐሴው በክረምቱ ደመና ውስጥ ስለሚውል ዕድል ይጠይቃል።

ፀሐይ አናታችን ላይ ከሆነች በነሐሴ ለምን ይበርዳል?

ብዙ ጊዜ የምሰማው ማብራሪያ ፀሐይ በክረምት ስለምትርቅ ነው የሚለው ነው። የሚገርመው፣ ርቀቱን ብቻ ብናይ አባባሉ እውነት ነው፤ ምድር ከፀሐይ በጣም የምትርቀው በሰኔ መጨረሻ ገደማ ሲሆን ርቀቱ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው፤ በጣም የምትቀርበው ደግሞ በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ሲሆን 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። ልዩነቱ ግን 3 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ በብርሃን ሲታይ 7 በመቶ ገደማ ይሆናል። ርቀት ቢሆን ኖሮ ወሳኙ፣ በዚያው በሰኔና በሐምሌ ሪያድም ዱባይም ይቀዘቅዙ ነበር። እዚያ ያሉ ዘመዶቻችሁን ብትጠይቁ በዚያ ወቅት ቀትር ላይ ደጅ መውጣት እንደማይቻል ይነግሯችኋል።

የሚያቀዘቅዘን ደመናው ነው። ፀሐይ አናት ላይ የቆመችበት አካባቢ በጣም ይሞቃል፣ አየሩ ወደ ላይ ይነሣል፣ በዙሪያው ያለው እርጥብ አየር ወደዚያ ይሳባል፣ ወደ ላይ የወጣው እርጥበት ደመና ሆኖ ይዘንባል። ይህ የዝናብ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ፣ ትንሽ ዘግይቶ፣ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ ክረምታችንን የሚያመጣው ዋናው ነገር ይህ ጉዞ ነው። ፀሐይን የሚሸፍነውን ደመና የጠራችው ራሷ ፀሐይ ናት። ደመናው ብርሃኑን ወደ ሕዋ ይመልሳል፤ ወደ መሬት የደረሰውም ብዙው የራሰውን አፈር ለማትነን ይውላል። ደጋው የሚሞቀው ደመናው ሳይከብድ ፀሐይ ከፍ በምትልባቸው በመጋቢት፣ በሚያዝያና በግንቦት ነው።

የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭም በዚሁ ይገለጣል። ሌሊቱ ጥርት ያለ፣ አየሩ ደረቅ ስለሆነ መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት የሚይዝላት የለም፤ ሙቀቱ በቀጥታ ወደ ሕዋ ያመልጣል። ቀዝቃዛ አየር ስለሚከብድ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፤ ስለዚህ ውርጭ መጀመሪያ የሚመታው በሸለቆውና በረባዳው ያለውን ማሳ ነው፣ ተዳፋቱ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

ከጥላ ጋር የተያያዘ አንድ ጠቃሚ ነገር እዚህ ልጨምር። ጥላችሁ ከቁመታችሁ ካጠረ ፀሐይ ከ45 ዲግሪ በላይ ወጥታለች፤ ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር የሚበረታውም ያኔ ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ በአብዛኛው ዓመት ከጠዋቱ 3፡30 ገደማ እስከ 9፡30 ገደማ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ስላለች ጨረሩን የሚያጣራው አየር ስስ ነው። ብርዱ ያታልላል፤ የቀዘቀዘ አየር ጨረሩን አይቀንሰውም።

ቀኑስ ለምን እምብዛም አይረዝምም?

አዲስ አበባ ላይ የዓመቱ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ፣ አጭሩ ደግሞ 11 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ገደማ ነው። በዋሽንግተን አጭሩ ቀን ከ9 ሰዓት ተኩል አያልፍም፤ በስቶክሆልም 6 ሰዓት ገደማ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን ዋሽንግተን ላይ የአንድ ሜትር ዱላ የቀትር ጥላ 1 ሜትር ከ90 ይደርሳል። ቀንን ከንጋት ጀምሮ አንድ ብሎ መቁጠር እኛ ጋ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራው ለዚህ ነው፤ ፀሐይ ከ12፡05 ገደማ ቀድማ አትወጣም፣ ከ12፡45 ገደማም እምብዛም አትዘገይም።

እዚህም የቀትሩ መዛወር ራሱን ያሳያል። አጭሩ ቀን በታኅሣሥ ቢሆንም፣ ፀሐይ በጣም ቀድማ የምትጠልቀው በኅዳር መጀመሪያ ገደማ ነው፤ በጣም ዘግይታ የምትወጣው ደግሞ በጥር መጨረሻ አካባቢ ነው። በጥር "ጠዋቱ ጨለማ ሆነብኝ" የሚል የማለዳ ተጓዥ እውነቱን ነው።

የመካ ፀሐይ

መካ 21.4 ዲግሪ ላይ ስለሆነች እሷም በዚህ ክልል ውስጥ ናት፤ ፀሐይ በካዕባ አናት ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ ታልፋለች። ግንቦት 20 አካባቢ በእኛ ሰዓት 6፡18 ላይ፣ ሐምሌ 9 አካባቢ ደግሞ 6፡27 ላይ። በዚያች ደቂቃ ፀሐይን የሚያይ ማንኛውም ሰው፣ የትም ይሁን፣ ፊቱን ወደ ፀሐይ ካዞረ ወደ ቂብላ፣ ማለትም ሙስሊሞች ሲሰግዱ ወደሚዞሩበት ወደ ካዕባ አቅጣጫ፣ ዞሯል። ቱምቢ አንጠልጥላችሁ የክሩን ጥላ በጠመኔ አስምሩ፤ ከጥላው ጫፍ ወደ ክሩ ሥር የሚሄደው አቅጣጫ ቂብላ ነው። የመስጊድ ወይም የቤት ጸሎት ቦታ አቅጣጫን ለማረጋገጥ ከየትኛውም የስልክ ኮምፓስ ይበልጥ የታመነ ነው። አዲስ አበባ ላይ በዚያ ሰዓት ፀሐይ ከፍ ብላ ስለምትቆም ጥላው አጭር ነው፤ ክሩን ሁለት ሜትር ብታደርጉት መስመሩ ይረዝማል። ሪያድና ዱባይ ከ23.4 ዲግሪ በላይ ስለሆኑ ፀሐይ በአናታቸው አታልፍም፤ ቂብላን በዚህ መንገድ ማግኘት ግን እዚያም ይቻላል።

ሶላር ፓኔል ወዴት ይዙር?

ፓኔል የሚያስገጥሙ ሰዎች ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ በመጣ ቪዲዮ ተመርተው 35 ዲግሪ ሲያዘነብሉት አያለሁ። ለዋሽንግተን ትክክል ነው። አዲስ አበባ ላይ 35 ዲግሪ ወደ ደቡብ የዞረ ፓኔል በሰኔ ቀትር ከፀሐይ አቅጣጫ ወደ 49 ዲግሪ ይርቃል፤ ከቀጥተኛው ብርሃን የሚያገኘው 65 በመቶውን ብቻ ነው። 10 ዲግሪ ወደ ደቡብ ቢያዘነብል ግን በሰኔም በታኅሣሥም ቀትር 91 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኛል። ጥርት ያለ ብርሃን የሚገኘው በበጋ ስለሆነ እስከ 15 ዲግሪ ማድረስ ጉዳት የለውም። ከ10 ዲግሪ በታች ማውረድን አልደግፍም፤ ውሃው ቶሎ አይወርድም፣ አቧራው በታችኛው ጠርዝ ላይ ተጋግሮ አንዱን የሴል ረድፍ ይሸፍናል፣ አንድ ረድፍ ሲሸፈን ደግሞ ከእሱ ጋር በተከታታይ የተያያዙትንም ያዳክማል።

ምድርን በሁለት ዱላ መለካት

ከ2,200 ዓመት በፊት በአሌክሳንድርያ የነበረው ኤራቶስቴንስ፣ በአስዋን በዓመቱ ረጅም ቀን ቀትር ላይ ፀሐይ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ እንደምትታይ፣ አሌክሳንድርያ ላይ ግን በዚያው ቀን ጥላ እንደሚኖር አወቀ። የሁለቱ ልዩነት 7.2 ዲግሪ፣ ማለትም የክብ አንድ ሃምሳኛ ነበር። የሁለቱን ከተሞች ርቀት በ50 አባዝቶ የምድርን ዙሪያ አገኘ።

ይህን ሐዋሳና መቀሌ ያሉ ሁለት ወዳጆች መድገም ይችላሉ። ታኅሣሥ 12 ቀን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቀትር ይለኩ። ሐዋሳ ላይ ጥላው 59 ሳንቲ ሜትር፣ መቀሌ ላይ 75 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ወደ ዲግሪ ለመቀየር የስልኩን ካልኩሌተር አጋድሙት፤ ተገላቢጦሽ ታንጀንት የሚለው ቁልፍ ይወጣል። 0.59 ሲገባ 30.54፣ 0.75 ሲገባ 36.87 ይሰጣል። ልዩነቱ 6.33 ዲግሪ ነው። ከሐዋሳ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን እስከ መቀሌ ትይዩ ያለው ርቀት 715 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 715 በ360 ተባዝቶ ለ6.33 ሲካፈል 40,660 ኪሎ ሜትር ይመጣል። በዋልታዎቹ በኩል የሚያልፈው የምድር እውነተኛ ዙሪያ 40,008 ኪሎ ሜትር ነው።

እዚህ የሚበላሹ ነገሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው ርቀቱ ነው፤ የመኪናውን መንገድ ኪሎ ሜትር የወሰደ ሰው ከሺህ በላይ ቁጥር ይዞ ምድርን 57 ሺህ ኪሎ ሜትር ያሳብጣታል። መንገዱ በተራራው ይጠማዘዛል፣ እኛ የምንፈልገው ግን ቀጥታውን ከደቡብ ወደ ሰሜን ብቻ ነው፤ በስልክ ካርታ ላይ ርቀት መለኪያውን ተጠቅማችሁ ከሐዋሳ ቀጥ ብላችሁ ወደ ላይ ውጡና ከመቀሌ ጋር ስትስተካከሉ ቁሙ። ሁለተኛው ሳንቲ ሜትሩ ነው። ሐዋሳ ያለው ሰው 59ን 60 ብሎ ቢያነብ መልሱ ወደ 43,500 ይዘላል። ካርቶኑና ቱምቢው ያን ያህል የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው። ቀትር ከመድረሱ አሥር ደቂቃ በፊት ጀምሮ በየደቂቃው ነጥብ አኑረው አጭሩን ጥላ የሚወስዱ ሰዎች በሦስት ሚሊ ሜትር ውስጥ መስማማት ይችላሉ። ሐዋሳ ላይ ታኅሣሥ 12 ቀትር 6፡24 አካባቢ፣ መቀሌ ላይ 6፡20 አካባቢ ነው፤ ሰማዩም በዚያ ወር በሁለቱም ከተሞች ብዙውን ጊዜ ጥርት ያለ ነው።